ለወረቀቱ ዋስ

አሰላ ገበያ መግቢያ ላይ በረንዳ ተከራይቼ ልብስ እሰፋ በነበረበት ዘመን፣ ከአዲስ ልብስ ይልቅ የሚበዛልኝ ሥራ ኮት መገልበጥ ነበር። ያኔ ኮት ውድ ነው። ሰው አንዱን ኮት ፊቱ በፀሐይና በዝናብ እስኪገረጣ ይለብሰውና ወደ እኔ ያመጣዋል፤ እኔ ስፌቱን ፈትቼ፣ ውስጡን ወደ ውጭ አዙሬ፣ መልሼ እሰፋዋለሁ። ባለቤቱ አዲስ ኮት እንደገዛ ሰው ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። የሚያሳብቅበት የደረት ኪሱ ብቻ ነው፤ በግራ የነበረው ወደ ቀኝ ይዞራል። ኪሱ በቀኝ የሆነ ሹም በመንገድ ሳይ በሆዴ እስቅ ነበር።

ኮት የሚፈታ ሰው የሰው ገበና ያያል። ገበሩ ውስጥ ክታብ አገኛለሁ፣ የትምባሆ ብናኝ አገኛለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ የወረቀት ብር አገኛለሁ። የአገራችን ሰው ወረቀት ሲይዝ ኪሱን አያምንም፤ ገበሩን ተርትሮ ያስገባና መልሶ ያሰፋበታል። ከዚያ ይረሳዋል፤ ወይም ወረቀቱ ቀድሞት ይሞታል። የመጀመሪያዋን ያገኘኋት እንዲህ ነው፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ እንግሊዞች ይዘውት የመጡት የሽልንግ ወረቀት ከአንድ የበቅሎ ነጋዴ ኮት ውስጥ ወጣ። ሰውየውን ጠርቼ ብሰጠው ገለባበጠውና፣ "ይኼማ ከሞተ ቆየ፤ ለልጆች መጫወቻ ስጣቸው" አለኝ። ልጅ ገና አልወለድንም ነበርና እኔው ያዝኩት።

ቀጥሎ ከጦርነቱ በፊት የነበረው ባንክ ያወጣው፣ የአጋዘን ራስ ያለበት ባለ አምስት መጣ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ጥቂት ሰበሰብኩ። ከአዲስ አበባ ጅምላ ነጋዴ የተላከልኝ የሱፍ ጨርቅ ናሙና ጥራዝ ነበረኝ፤ ቁራጮቹን ነቅዬ ወረቀቶቹን በቦታቸው አስገባኋቸው። ደንበኛ ጨርቅ ልምረጥ ብሎ ሲገልጠው ከአጋዘን ጋር ይፋጠጣል።

ባለቤቴ "የሞተ ብር ቀባሪ" ትለኝ ነበር። "ሰው የሚለፋው ሕያው ብር ለማግኘት ነው፤ አንተ ሕያዉን እየሰጠህ ሬሳ ትገዛለህ።" ነገሯ ውሸት የለበትም። ግን እኔ ወረቀቶቹን ስገልጥ የማየው ሬሳ አልነበረም። አንድ ሰው አንድ ቀን አምኖ ጊደሩን ወይም ጨውን የሰጠበት ነገር ነው። ያ ሁሉ እምነት የት ገባ እያልኩ ማሰብ ይጥመኛል። ጠላ ከመጠጣት ይሻላል ብዬ እመልስላት ነበር፤ እስላም ቤት ውስጥ ጠላ ማን አቀረበልህ ትለኛለች።

አዲሱ ብር በወጣበት ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ቀጥሎ የትኛውን ልጨምር በሚለው ሁለት ልብ ሆኜ ነበር። አንደኛው ዝሆኑ ነው። ዴራ ያለ አንድ የከብት ነጋዴ ከአባቱ ኮርቻ ሥር ያገኘው፣ ዝሆን የተሳለበት ባለ መቶ ነበረው፤ እጥፋት እንኳ የሌለበት። ዋጋውን የአንድ ሙክት ዋጋ አድርጎታል። ከየኮቱ ጥቂት ጥቂት እየቆጠብኩ ልሞላው ተቃርቤአለሁ። ሁለተኛው የጣሊያን ሊሬ ነበር። ሊሬ የሚያወራ ሰው ሞልቷል፤ ሊሬ ያለው ሰው ግን የለም። ሲሞት ጊዜ ሴቶቹ እሳት አቀጣጠሉበት፣ ወንዶቹ ትምባሆ ጠቀለሉበት፣ የቀረውን ምስጥ በላው። ንጹሕ ሊሬ የት እንዳለ የማውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሳጉሬ፣ አማቴ ቤት፣ ምሰሶው ላይ በጠፍር ታስሮ ተሰቅሏል። እሱን ደግሞ ስጡኝ ብሎ መጠየቅ አይቻልም።

የማይቻልበትን ምክንያት ልናገር። አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ በወጣትነታቸው ጥንድ በሬ የነበራቸው ሰው ናቸው። ጣሊያን ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ለወታደር ቀለብ ከብት የሚሰበስብ ሰው መጣና ሁለቱንም በሬ በሊሬ ገዛቸው። ጥሩ ዋጋ ነው ተብሎ ነበር። እሳቸው ወረቀቱን በጠፍር አስረው በመኸር ጊዜ ሌላ ጥንድ እገዛበታለሁ ብለው ሰቀሉት። መኸር ሲደርስ ጣሊያን የለም። ሊሬውን የሚለውጡ ሰዎች አሉ የሚለው ወሬ ሳጉሬ እስኪደርስ ደግሞ መለወጡም አበቃ። ከዚያ ወዲህ አማቴ የወረቀት ብር በእጃቸው አልነኩም። እህላቸውን በቁና በቁና እየሸጡ ሳንቲም ይቀበላሉ፤ ግብሩን በሳንቲም ይከፍላሉ። ገንዘብ ተቀባዩ ሲያያቸው ፊቱን ያጠቁራል።

በዚህ መንገድ አንድ በሬ ገዙ፤ ሁለተኛውን ግን አልቻሉም። ስለዚህ ከጎረቤታቸው ጋር መቀናጆ ገቡ። መቀናጆ ማለት አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን አጣምረው በየተራ ማረስ ነው። ዝናቡ ሲጥል ግን መጀመሪያ የሚታረሰው የጎረቤትየው ማሳ ነበር፤ ቀንበሩ የሱ ነዋ። የአማቴ ማሳ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይዘራና ፍሬ ሊቋጥር ሲል ውርጭ ያገኘዋል።

በዚያ ጥር ጎረቤትየው ገብሱን ለጭነት መኪና ነጋዴ በወረቀት ብር ሸጠና ሁለተኛ በሬ ገዛ። መቀናጆውም ፈረሰ። ባለመሬቱ ይህን ሰምቶ ለአማቴ መልእክት ላከ፤ መሬቱን የማሳርሰው ጥንድ በሬ ላለው ሰው ነው፣ የበልግ ዝናብ ሳይጥል ካልገዙ ለሌላ እሰጠዋለሁ የሚል። አማቴ ጢሰኛ ናቸው፤ የሚያርሱት መሬት የሳቸው አይደለም። መሬቱ ከሄደ ቤቱም ይሄዳል።

መልእክቱ በደረሳቸው በሦስተኛው ቀን አሰላ መጡ። ሻይ ቀረበላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣

"ሶዳ፣ እነዚያን ወረቀቶች ያሳዩኝ" አሉ።

በኦሮምኛ አማትም አማችም ሶዳ ነው። በስም አንጠራራም፤ በዕድሜ ልጃቸው ብሆንም እርስዎ ነው የሚሉኝ፤ አማች አንተ አይባልም። ጥራዙን አምጥቼ ፊታቸው ዘረጋሁት። በጣታቸው ሳይነኩ፣ በዓይናቸው ብቻ አንድ በአንድ አዩት።

"ይኼ በምን ሞተ?" አሉ አጋዘኑን እያሳዩኝ።

"ጦርነት መጣና ባንኩ ተዘጋ።"

"ይኼስ?"

"እንግሊዞቹ ሲሄዱ የአገሩ ብር ተተካ።"

"ሲሞት ማን ነው መጀመሪያ የሚያውቀው?"

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። አሰብኩና፣ "ባለሱቅ" አልኳቸው። "አዋጅ ከመነገሩ በፊት ባለሱቁ ሌላ የለዎትም ወይ ማለት ይጀምራል።"

"ጥሩ" አሉ። ሻዩን ጠጥተው ጨረሱና፣ "ስንዴዬን ለመኪናው ነጋዴ ልሸጥ ነው፤ የጆንያውን አፍ ይሰፉልኛል?" አሉኝ።

ባለቤቴ ከጓዳ ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አባቷ ወረቀት ሊቀበሉ ነው ብላ ገምታለች። እኔም እንደዚያው ነበር የገመትኩት።

በገበያው ቀን የጆንያ መርፌና ሲባጎ ይዤ ሳጉሬ ወረድኩ። ስንዴው ተሰፈረ፣ እኔም የጆንያውን አፍ ሰፋሁ፣ መኪናው ላይ ተጫነ። ነጋዴው ብሩን አውጥቶ ሊሰጥ ሲል አማቴ እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው ውስጥ ሰበሰቡ።

"ዋስ ጥራልኝ" አሉት።

"የምን ዋስ? ጥሬ ገንዘብ እኮ ነው የምሰጥዎ።"

"ለወረቀቱ ዋስ።"

ነጋዴው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዛፉ ሥር የተቀመጡት ሦስት ሽማግሌዎች ግን አልሳቁም። በእኛ አገር ዋስ የማይጠራበት ነገር የለም። በሬ ሲሸጥ በሬው የስርቆት አለመሆኑን የሚመሰክር ዋስ ይጠራል፤ ሰው ሲጣላ፣ ሲታረቅ፣ ሲቀጠር፣ ለሁሉም ዋስ አለ። ለወረቀት ዋስ የጠራ ሰው ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

"አባባ፣ ዋሱ ጃንሆይ ናቸው፤ ሥዕላቸው ይኸውና" አለ ነጋዴው።

"ጃንሆይን አከብራለሁ" አሉ አማቴ። "ነገር ቢበላሽ ግን ከሳጉሬ ተነስቼ የት አገኛቸዋለሁ? ዋስ ማለት ደጁ የሚታወቅ ሰው ነው።"

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። በሕጉ ከሄድን አማቴ እውነት አላቸው። ነጋዴው መኪናው መጫኑን እያየ፣ ስንዴው እንዲወርድ አልፈለገም። "እሺ፣ የማንን ደጅ ያውቃሉ?" ሲል ጠየቀ።

አማቴ ዘወር ብለው እኔን አዩ። "የሶዳዬን። ወረቀት እንዴት እንደሚሞት የሚያውቁ እሳቸው ናቸው።"

መርፌውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። እዚያ ከነበሩት ሰዎች ሁሉ ለዚያ ወረቀት ዋስ መግባት የማይገባው ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ሌላው ሰው ብር ሲያይ ብር ያያል፤ እኔ ቤቴ የተቀመጡትን አያለሁ። እነዚያም በየዘመናቸው አይነኬ ነበሩ። እምቢ ብል ደግሞ ስንዴው ይወርዳል፣ በሬው ይቀራል፣ መሬቱ ይሄዳል። ሽማግሌዎቹ ይጠብቃሉ። ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

"ዋስ ነኝ" አልኩ።

"በምን?" አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

"ወረቀቱ በሬ ሳይገዛበት ቢሞት፣ የስፌት መኪናዬን ሸጬ በሬ እገዛላቸዋለሁ።"

ሽማግሌው መረቁን። ሲጨርሱ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጨመሩ፤ ዋስ የገባ ሰው ዋስትናው እስኪወርድ እጁን ባዶ አያደርግም፣ ትርፍ ነገር አይገዛም አሉ። ይህንንም አዎ አልኩ። አዎ ካልኩ በኋላ ነው ዝሆኑ ትዝ ያለኝ። የዴራው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት አሰላ ሲያልፍ ካልገዛሁት፣ መንገድ ለሚሠራ ፈረንጅ እሸጠዋለሁ ብሎኝ ነበር።

ቤት ስገባ ወሬው ቀድሞኛል። "መኪናዋን?" አለች ባለቤቴ።

"መኪናዋን።"

ምሳ አቀረበችልኝና እኔ ስበላ እሷ ሳትበላ ቁጭ ብላ አየችኝ።

በማግስቱ ጠዋት በረንዳዬን ስከፍት አማቴ ደረጃው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ብሩ፣ እኔ ከነጋዴው ተቀብዬ እንደከተትኩላቸው፣ በአንገታቸው በተንጠለጠለ የቆዳ ቦርሳ ውስጥ ነው። ለበሬ የሚሆነው ገበያ ገና ሳምንት ይቀረዋል።

"ደህና መጡ? ምን ሆኑ?" አልኳቸው።

"ምንም አልሆንኩ። ዋሴን ልጠብቅ ነው።"

ሳምንቱን ሙሉ ጠበቁኝ። ስሠራ ያዩኛል፣ ስበላ ያዩኛል። አንድ ቀን ባስነጥስ ተነስተው ነፋሱን ሊከልሉልኝ ቆሙ። ከደንበኛ ጋር በዋጋ ስጨቃጨቅ፣ "ሶዳ፣ አይናደዱ፤ ደም ብዛት ያመጣል" ይሉኛል። መንገድ ስሻገር ይከተሉኛል። የሞተ ወረቀት አንድ ነገር ነው፤ የሞተ ዋስ ግን ከዚያ የባሰ ነው ብለው ማሰባቸውን አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር ሦስተኛው ቀን ላይ ሥራ አቃተኝ። ሰው እንደ እንቁላል ሲንከባከብህ ትሰባበራለህ።

በአራተኛው ቀን የዴራው ነጋዴ መጣ። ዝሆኑን ከካኪ ጨርቅ ፈትቶ ስፌት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ያማረ ነገር ነበር። ቀለሙ አልለቀቀም፣ ጫፉ አልተበላም፤ ዝሆኑ ኩምቢውን ይዞ ቆሟል። ገንዘቡ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። እጄን ወደ መሳቢያው ሰድጄ መለስኩት።

"ዘንድሮ አልገዛም" አልኩት።

"ምነው? ዓመት ሙሉ ስትለምነኝ አልነበር?"

"ዋስ ገብቻለሁ።"

ዋስ ስለው ገባው፤ አልጨቀጨቀኝም። ዝሆኑን መልሶ ሲጠቀልል አማቴ አንገታቸውን አስግገው አዩት።

"ዝሆን አርሶ ያውቃል?" ሲሉ ጠየቁት።

"አያውቅም፣ አባባ።"

"እንግዲህ" አሉና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ሰውየው ከሄደ በኋላ ግን የእኔን ፊት ብዙ ጊዜ አዩ። ፊቴ ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ ከፍቶኝ ነበር።

በማግስቱ የባሰው መጣ። የጽሕፈት ቤት ጸሐፊ የሆነ ደንበኛዬ የተገለበጠ ኮቱን ሊወስድ መጣና ገና ቀለሙ የሚሸት አንድ ብር ሰጠኝ። እንደዚያ ያለ ብር አይቼ አላውቅም ነበር። "አዲሱ ነው፤ ከአዲስ አበባ ትናንት ገባ" አለኝ በኩራት፣ እሱ ያተመው ይመስል። ኮቱን ለብሶ ሄደ። እኔ ብሩን ይዤ ቀረሁ።

አማቴ ተነስተው መጡ። ከቦርሳቸው አንድ ብር አወጡ፤ የወረቀት ብር ሲነኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው ያኔ ነው፣ በሁለት ጣት ጫፍ። ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አደረጉ። ያን ጊዜ በሁላችን ኪስ የነበረው አሮጌው አንድ ብር ላይ ገበሬ በጥንድ በሬ ሲያርስ ተስሏል። አዲሱ ላይ ያለው ቡና ነው። ብዙ አዩት።

"በሬዎቹን የት አደረሷቸው?" አሉ።

ሁለት አገዛዝ እንዴት ወረቀት እንደለወጠ ለእሳቸው የተረክሁ እኔ ነኝ። አሮጌው አብሮ ይሠራል፣ ምንም አይሆንም ልላቸው ፈለግሁ፤ ግን ራሴም አላወቅሁም። በገበያው ወሬው ወዲያው ተነዛ። አሮጌው ሊሞት ነው የሚል ነበረ፣ እስከ ፋሲካ ነው የሚል ነበረ፣ ውሸት ነው የሚልም ነበረ። ባለቤቴ ወሬውን ሰምታ ከቤት መጣች፤ አባቷን አየች፣ እኔን አየች፣ የስፌት መኪናዋን አየች።

አማቴ ግን አልጮኹም፣ አልረገሙም። "ባለሱቅ ነው መጀመሪያ የሚያውቀው ብለውኛል" አሉ። "እንሂድ።"

መጀመሪያ ዓረቡ ሱቅ ሄድን። አማቴ አንድ አሮጌ ብር ሰጡኝ፤ እኔ ስኳር አዘዝኩ። ባለሱቁ ሳያየው መሳቢያው ውስጥ ወረወረና መልስ ሰጠኝ። ወጣን።

"አላየውም" አሉ አማቴ። "ሌላ ጋ እንሂድ።"

ሁለተኛው ሱቅ ሳሙና ገዛን። እዚያም ተቀበሉን። ሦስተኛው ባለሱቅ ሽማግሌ ነው፤ ጥርጣሬ የሚወድ ሰው። ብሩን ተቀብሎ ወደ በሩ ብርሃን አነሳው። ገለበጠው። መልሶ አነሳው። በዚያች ቅጽበት የስፌት መኪናዬን የሚገዛኝ ሰው ማን ሊሆን ይችላል እያልኩ አስብ ነበር። አማቴ ከጎኔ ሲተነፍሱ አይሰማኝም።

"ምነው?" አልኩት።

"ጫፉ ተቀዷል" አለ። "ይሁን፣ ግድ የለም።" ክብሪቱን ሰጠኝ፤ መልሱን ቆጠረልኝ።

ሳምንቱ እስኪያልቅ በየቀኑ እንዲህ አደረግን፤ ከሱቅ ሱቅ እየዞርን። ቤታችን ስኳርና ክብሪት ሞላ። ባለቤቴ በዚያ ዓመት ክብሪት አልገዛችም።

የበሬው ገበያ ቀን ሁላችንም ሳጉሬ ሄድን። በሬው ዳለቻ ነው፤ ከአቦምሳ በኩል የመጣ፣ ትከሻው ሰፊ። አማቴ ጥርሱን አዩ፣ ጅራቱን ጎተቱ፣ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ሄዱ። ዋጋው ሲቆረጥ ቦርሳውን ለእኔ ሰጡኝ፤ እኔ ለሻጩ ሰጠሁት። ሻጩ አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ ቆጠረ፤ ወረቀቱ ዋስ እንዳለው አላወቀም፣ አልጠየቀምም። ወዲያው ከብሩ ላይ አንድ ነቅሎ ጨው ሊገዛ ሄደ። አማቴ በዓይናቸው ተከተሉት። ባለጨው ተቀበለው።

ያኔ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ "ሶዳዬ ከዋስትናው ወርደዋል" አሉ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። አማቴ ገመዱን ይዘው በሬውን እየነዱ ሄዱ፤ ቻው እንኳ ያሉን አይመስለኝም።

በልጉ ጣለ። በሰማሁት መሠረት መጀመሪያ ቀን የታረሰው የአማቴ ማሳ ነው። ዝሆኑ ለፈረንጁ ተሸጧል፤ እኔም ጥራዜን ዘግቼ የሰው ኮት እገለብጥ ነበር።

ዘሩ አልቆ አረም ሲጀመር አማቴ አሰላ መጡ። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርቋል። በረንዳው ላይ ሳይቀመጡ ከጋቢያቸው ሥር በጠፍር የታሰረውን ጥቅል አውጥተው የስፌት ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ጠፍሩን ራሳቸው ፈቱት። ባለ ሃምሳ ሊሬዎች ነበሩ፤ ጭስ ጫፍ ጫፋቸውን ቢጫ አድርጎታል፤ መሃሉ ግን ትናንት የታተመ ይመስላል። ወረቀቱ ላይ አንዲት አውሬ ሁለት ሕፃናት ታጠባለች። ተኩላ ናት፤ አማቴ ግን ጅብ ናት ይሉ ነበር።

ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ ስታየው ደነገጠች። ልጅ ሆና እንኳ እንድትነካው አልተፈቀደላትም።

"አባ፣ ምን ሊያደርጉት ነው?" አለቻቸው።

"እስከ ዘንድሮ በሬዎቼ እነዚህ ነበሩ" አሏት። "ማታ ማታ አያቸው ነበር። አሁን በሬ ስላለኝ ወረቀት ሆነዋል።" ወደ እኔ ዞሩ። "ሶዳ፣ ይምረጡ። የቀረውን እሳት ታያይዝበት።"

ስንት ዓመት የተመኘሁት ነገር ፊት ለፊቴ ነው። አንድ በአንድ ገልጬ፣ ጭስ ያልነካውን፣ ጠፍሩ ያላጎደጎደውን፣ ከሁሉ ንጹሑን አንድ አወጣሁ። ጥራዙ ውስጥ ባዶ ኪስ ፈልጌ አስገባሁት። ባለቤቴ የቀረውን ሰብስባ ወደ ምድጃው ልትሄድ ስትል አማቴ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟት። ከጥቅሉ መሃል አንድ ሌላ ሳቡ፤ ሳይመርጡ፣ የመጣላቸውን። አምጥተው እኔ ካስገባሁት ጎን አደረጉት፣ በመዳፋቸውም ደለደሉት።

"አንድ ብቻውን አያርስም" አሉ።